ሼር ያደረግነው ፎልደር እምቢ ሲል

ጅማ፣ ሄርማታ ያለው ቤታችን ሁለት የዊንዶውስ ኮምፒውተር አለ። ዴስክቶፑ የወንድሜን የቡና ሒሳብ ይዟል፣ ላፕቶፑ የኔ ነው። ፍላሽ ማመላለስ ሲሰለቸን ፎልደሩን ሼር አደረግነው። ከላፕቶፑ ይታያል፤ ስከፍተው ግን ስምና ፓስዎርድ ይጠይቃል። የዴስክቶፑን ፒን ብሰጠው ወይ ፍንክች!

ለካ ፒን የሚሠራው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ በኔትወርክ አያስገባም። ብዙ ሰው "የፓስዎርድ ጥበቃውን አጥፋውና ተገላገል" ይላል። ይሄ አይዋጥልኝም። ዋይፋያችንን ጎረቤቱ ሁሉ ይጠቀመዋል። ኤስኤምቢ 1 የሚባለውን አሮጌ የፋይል መጋሪያ ፕሮቶኮል (ኮምፒውተሮች የሚግባቡበትን ደንብ) መልሰህ አብራ የሚሉም አሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም ዓለምን ያዳረሰው በዚሁ አሮጌ ፕሮቶኮል ቀዳዳ ነው፤ ጠፍቶ ይቆይ።

ዴስክቶፑ ላይ ለዚሁ ብቻ የሚሆን ሎካል ዩዘር (እዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያለ መለያ) ከነጠንካራ ፓስዎርዱ ከፈትኩ። ከፎልደሩ የሼሪንግ ፈቃድ ላይ "ኤቭሪዋን" (ሁሉም ሰው) የሚለውን አውጥቼ አዲሱን ዩዘር ብቻ አስገባሁ፣ ማንበብም መጻፍም ፈቀድኩለት። "ሴኩሪቲ" በሚለው ታብም ያንኑ ደገምኩ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ጠባቡ ፈቃድ ነው የሚያሸንፈው። ኔትወርኩንም ከፐብሊክ ወደ ፕራይቬት ቀየርኩ።

ላፕቶፑ አሁንም አንገራገረ። የዩዘሩን ስም ብቻ ስጽፍለት የራሱን ዩዘር የምጠራ እየመሰለው ነበር። መጀመሪያ የዴስክቶፑን ስም፣ ቀጥሎ ወደኋላ ያዘነበለውን ሰረዝ (\)፣ ከዚያ የዩዘሩን ስም ስጽፍ ወዲያው ተከፈተ።

መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የዴስክቶፑ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻው) እንዳይቀያየር ራውተሩ ላይ አስያዝኩት። ለጎረቤት ደግሞ የእንግዳ ዋይፋይ ለየሁ፤ ፓስዎርዱን ወንድሜ በር ላይ ለጥፎታል።