ብሩ ሳይሸሽ ዐቃቤ ሕግ ጋ መድረስ

ኦገስት 2020 ላይ የአሜሪካን የአክሲዮን ገበያ የሚቆጣጠረው ኮሚሽን፣ ኤስ.ኢ.ሲ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ክስ መሠረተ። በክሱ መሠረት ተከሳሾቹ በውጭ ምንዛሪና በክሪፕቶ ንግድ «ኪሳራ የሌለው ትርፍ» እናስገኛለን እያሉ ከ1,200 ገደማ ሰዎች ከ27 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስበዋል። ያነጣጠሩት አፍሪካውያን ስደተኞች ላይ ነበር። የገቡትም በእምነትና በትውልድ በኩል ነው። ክሱ ሲመጣ ግን ገንዘብ መሰብሰቡ ከቆመ ከዓመት በላይ ሆኖታል።

የመንግሥት ጠበቆች በእንዲህ ያለ ጉዳይ ቶሎ የሚሹት የባንክ ሒሳብ ማሳገድ ነው። ቀጥሎ ፍርድ ቤቱ ንብረት ጠባቂ እንዲሾም ይጠይቃሉ። የታገደው ለተጎጂዎች ይከፋፈላል፤ የሸሸውን ማሳደድ ግን ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ የጠበቆቹ ጉልበት የሚለካው በመጀመሪያው ጠቋሚ ፍጥነት ነው።

እኛ በውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ጋ ግን ማን ይጠቁማል? ያስገባችን የሰፈር ልጅ ናት፣ አብረን እናስቀድሳለን። ደግሞ «ዝም ካልኩ የኔን ቀድሞ ይመልስልኛል» የሚል ተስፋ አለ። አጭበርባሪው የሚኖረው በዚህች ተስፋ ነው። ለአንዳንዱ ቀድሞ የሚከፍለውም ከኋላ ከገባው ሰው ኪስ አውጥቶ ነው። ያ «ትርፍ» በኋላ በፍርድ ቤት መልሱ ሊባል ይችላል፤ ቀድሞ የደረሰውም አይዝናና።

ሰብሳቢው አዲስ አበባ ከሆነስ? ከመላካችሁ በፊት ለሕዝብ አክሲዮን እየሸጠ ያለውን ድርጅት የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ያውቀው እንደሆነ ጠይቁ። መሥሪያ ቤቱ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 ነው። ሰው ባመጣህ ቁጥር ይከፈልሃል የሚለው የፒራሚድ ሽያጭም በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። ብሩ ከሄደ በኋላ አቤቱታው ለፖሊስ ይቀርባል፤ ክስ የሚመሠርተው ዐቃቤ ሕግ ነው። ማታለል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ያስቀጣል።

ዐቃቤ ሕጉ ግን የመንግሥት እንጂ የእናንተ ጠበቃ አይደለም። ገንዘባችሁን በፍትሐ ብሔር ለመጠየቅ አገር ቤት ወኪል ያስፈልጋችኋል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። ለወንድማችሁ የሰጣችሁት ጠቅላላ ውክልና ለመክሰስ አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ለመክሰስም፣ ለመታረቅም፣ ገንዘብ ኢንቨስት ለማድረግም ልዩ ውክልና ይጠይቃል። «ሊከስ፣ ሊከሰስ፣ ሊታረቅ» የሚሉት ቃላት በግልጽ ይጻፉ። መታረቁን ካልፈለጋችሁት አውጡት፤ አጭበርባሪዎች ወኪል ከበው ማስታረቅ ይወዳሉ።

ውክልናውን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፈርሙ። ከዚያ አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥና ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዝገብ። የባንክ ማስተላለፊያውን፣ ደረሰኙንና የቴሌግራም መልእክቱን አብራችሁ ላኩ። ስልክ ከመቀየራችሁ በፊት መልእክቱን ቅዱ፤ ሰውየው ግሩፑን ሊያጠፋው ይችላል።