ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ትምህርት ቤት እስኪገባ፦ ወላጆች የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ያለጊዜው የተወለደ ይባላል። እናቱ ደረቷ ላይ አቅፋ ሙቀት ሰጥታው፣ ኪሎ ጨምሮ ከሆስፒታል ሲወጣ እልል ይባላል። ደስ ይላል። ችግሩ ብዙ ቤት ክትትሉም እዚያው ላይ ያበቃል። የመማር ችግር ደግሞ በሚዛን አይታይም።

ዕድሜውን ከተወለደበት ቀን ብቻ መቁጠር

ሙሉ እርግዝና 40 ሳምንት ተብሎ ስለሚቆጠር፣ በ30 ሳምንት የተወለደ ልጅ 10 ሳምንት ቀድሟል። ስለዚህ ስድስት ወር ሲሞላው እድገቱ የሚመዘነው እንደ አራት ወር ልጅ ገደማ ነው። ይህን ያላወቀች እናት «የጎረቤቴ ልጅ ተቀምጧል፣ የኔ ገና ይወድቃል» እያለች በከንቱ ትጨነቃለች። ግን ይህ ቅናሽ የሚሠራው እስከ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ሦስት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል ማገጣጠም ያቃተውን ልጅ «ቀድሞ ስለተወለደ ነው፣ ይደርሳል» ማለት አያዋጣም። ክትባት ላይ ደግሞ ቅናሽ የለም፤ የሚቆጠረው ከተወለደበት ቀን ነው።

ክትባትን እንደ እድገት ምርመራ ማየት

ጤና ጣቢያ ወረፋ አለ። ነርሷ ትመዝናለች፣ ትወጋለች፣ ቀጠሮ ትጽፋለች። ልጁ በስንት ሳምንት እንደተወለደ ካልነገሯት ከየት ታውቃለች? ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጠዎትን ወረቀት ከክትባት ካርዱ ጋር ያስቀምጡ።

«ደህና ነው» ከተባለ በኋላ መተው

ለኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። በሁለት ዓመቱ የሚሮጥ፣ የሚያወራ ልጅ ኬጂ ወይም አንደኛ ክፍል ላይ ሊቸገር ይችላል። ያኔ የሚጠየቀው ሌላ ነገር ነዋ! ብዙ ጊዜ የሚከብዳቸው ሒሳብ፣ ከሰሌዳ መገልበጥና ትኩረት ነው። «ጓዳ ግባ፣ ኩባያውን አምጣ፣ በሩን ዝጋ» ሲሉት የመጀመሪያውን ብቻ ያደርግ ይሆናል። አልሰማ ብሎ ላይሆን ይችላል፤ ሦስቱን ትእዛዝ አብሮ መያዝ አቅቶት ነው። ብዙዎቹ ደግሞ አይረብሹም። ዝም ብለው በሐሳብ ይጠፋሉ። ተማሪ በበዛበት ክፍል ጨዋ ልጅን ማን ልብ ይለዋል? ስለዚህ መምህሩን ቀድመው ይጠይቁ፤ ልጁ ሲወድቅ እስኪጠሩ አይጠብቁ። እርግጥ ያለጊዜያቸው ተወልደው ያለ ችግር የሚማሩ ብዙ ናቸው። ልጁን እንደ በሽተኛ ከጨዋታ መከልከልም ሌላ ጥፋት ነው።

ዓይንና ጆሮ ሳይታይ መፍረድ

ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች የማየትና የመስማት ችግር ያሰጋቸዋል። ጎንደር በዚህ ዕድለኛ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው የኦፕቶሜትሪ (የዓይን እይታ ምርመራ) ባለሙያ ያሠለጥናል፣ የስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉም እዚሁ ነው። መጀመሪያ ዓይንና ጆሮው ይታዩ።

«ሰነፍ» ማለት

ዱላ ሒሳብ አያስተምርም። ጸበል መውሰድ የሚፈልግ ይውሰድ፣ ማንም አይከለክልም። ሐኪም ቤቱን በሱ መተካት ግን ጊዜ ያቃጥላል። ልጁ ቶሎ ከታወቀ ፊት ወንበር ማስቀመጥ፣ ትእዛዙን አንድ በአንድ መስጠት፣ ለፈተና ጊዜ መጨመር ይቻላል። እነዚህ ደግሞ ብር አይጠይቁም።

የሕፃናት ሐኪም ጋ ሲሄዱ ደብተሮቹን ይዘው ይሂዱ። መምህሩ ያስተዋለውን በግማሽ ገጽ ቢጽፍልዎት ደግሞ ሐኪሙ ልጁን በአሥር ደቂቃ አይቶ የማያገኘውን ከዚያ ያነባል።