ወደ ትንሽ ፏፏቴ የሚወስድ አጭር የጫካ ጉዞ እንዴት ይደረጋል?

መንገዱ አጭር ነው ሲባል ሰው ይዘናጋል። ሶሉ ያለቀ ጫማ ያደርጋል፣ ውሃ ሳይዝ ይወጣል፣ ሊመሽ ሲል ይነሳል። እኔ አጫጭር ጉዞዎችን ከረጃጅሞቹ አብልጬ እወዳለሁ። ልጁም አዛውንቱም አብሮ ይሄዳል፣ የሚያስቸኩል ነገር የለም፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ውሃ አለ። ከባዱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ፏፏቴው አጠገብ ስትደርሱ ነው። ስለዚህ ስለ እሱ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

1. ሰዓቱን አስሉ

ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣት ስሌት ዛሬም ትሠራለች። ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት ያዙ፣ ለየ600 ሜትሩ ከፍታ ሌላ 1 ሰዓት ጨምሩ። ይህ ግን መንገድ ለለመደ ሰው ነው። የዛፍ ሥርና ድንጋይ በበዛበት ጫካ፣ ያውም ከልጆች ጋር ከሆነ፣ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ብላችሁ አስቡ። ፏፏቴው ጋር የምትቀመጡበትንም አትርሱ። ጫካ ውስጥ ከሜዳ ቀድሞ ይጨልማል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መነሻችሁ ላይ መሆን አለባችሁ።

ትናንት ዘንቦ ከሆነ ፏፏቴው ያምራል፣ መንገዱ ይጨቀያል። ዛሬ ውሃው በሚመጣበት በላይኛው በኩል እየዘነበ ከሆነ ግን ለሌላ ቀን አቆዩት።

2. ጥቂት ነገር ያዙ

ሶሉ ጥርስ ያለው፣ እግር የማይለቅ ጫማ ከሁሉም ይቀድማል። የሚጠጣ ውሃ፣ ትንሽ ባትሪና ሹራብ ጨምሩ። ሹራቡ ፀሐያማ ቀንም ያስፈልጋል፤ ፏፏቴ አጠገብ ርጭቱ ሲተን አየሩን ያቀዘቅዘዋል። ፊሽካም ቦርሳ ውስጥ ይኑር። በደቂቃ 6 ጊዜ መንፋት፣ 1 ደቂቃ ማረፍ፣ እንደገና መንፋት ተራራ ላይ የታወቀ የድረሱልኝ ምልክት ነው። ካርታውን ኔትወርክ ሳይጠፋ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። የት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ።

3. በጆሯችሁም ሂዱ

ፏፏቴ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። መጀመሪያ ነፋስ ቅጠል የሚያንኮሻኩሽ ይመስላል። ቆም በሉና አዳምጡ። ነፋስ መጣ ሄደት ይላል፤ ውሃ ግን አያቋርጥም። ይህችን ቅጽበት ልጆች በጣም ይወዷታል፣ ማን ቀድሞ እንደሚሰማ ተወዳደሩ።

ጭቃ ሲያጋጥማችሁ በጎን አትዙሩት፣ መሃሉን እለፉ። ሁሉም ሰው በጎን ከዞረ መንገዱ እየሰፋ ዳር ያሉት ቡቃያዎች ይረገጣሉ። ቁልቁለት ላይ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ጉልበታችሁን ላላ አድርጉ። መንገዱ ከጠፋባችሁ እርግጠኛ ወደነበራችሁበት የመጨረሻ ቦታ ተመለሱ። ወንዙን ተከትሎ ቁልቁል መውረድ ገደል ላይ ሊያደርስ ይችላል።

4. ፏፏቴው ጋር ስትደርሱ

እዚህ ሰው ደስ ይለውና ይሮጣል። እባካችሁ አትሩጡ። እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚያድገው አልጌ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። አንዴ ደረቅ የመሰለኝን ድንጋይ ረግጬ በጎኔ ወደቅሁ። ላዩ እንጂ ዳሩ አልደረቀም ነበር። ከዚያ ወዲህ ክብደቴን ከመጣሌ በፊት በጫማዬ ጫፍ አሸት አድርጌ እሞክረዋለሁ።

ከፏፏቴው አናት ላይ ለፎቶ አትውጡ። ውሃው ጥልቅ ባይሆንም ሲሮጥ እግር ይነጥቃል። ከታች ባለው ኩሬም ዘላችሁ አትግቡ። ጥልቀቱ አይታይም፣ ሥሩ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ነጩ አረፋ ደግሞ በአየር የተሞላ ስለሆነ ሰውነትን እንደ ተራ ውሃ አያንሳፍፍም። በቀጥታ ከሚወርደው ውሃ ሥርም አትቁሙ፤ ከውሃው ጋር ድንጋይና እንጨት ይወርዳል።

ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ፣ ድምፁም ከጎላ፣ ዕቃ ልሰብስብ ሳትሉ ወደ ከፍታ ውጡ። እናንተ ጋር ሰማዩ ጥርት ብሎ ላይኛው አገር ዘንቦ ሊሆን ይችላል።

ንጹህ ቢመስልም ሳይፈላ አትጠጡት።

5. ተቀመጡ

ብዙ ሰው ፎቶ አንስቶ ወዲያው ይመለሳል፤ ያሳዝነኛል። ደረቅ ቦታ ፈልጉና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ዝቅ ብላ ከሆነ ርጭቱ ላይ ቀስተ ደመና ፈልጉ።

ቆሻሻችሁን ሰብስባችሁ ለመነሳት ስትዘጋጁ አንድ ነገር ሞክሩ። የሚወርደው ውሃ መሃል ላይ አንድ ቦታ ምረጡና ዓይናችሁን ሳታንቀሳቅሱ 1 ደቂቃ ያህል ተመልከቱ። ከዚያ ቶሎ ብላችሁ ጎን ወዳለው ድንጋይ ዙሩ። ሮበርት አዳምስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1834 ስኮትላንድ ውስጥ ፎየርስ ፏፏቴ ላይ ይህንኑ አይቶ ጽፎታል። ዓይናችን ቁልቁል የሚሄድ ነገር ሲለምድ፣ የቆመው ነገር በተቃራኒው የሚሄድ ይመስለዋል። ድንጋዩ ከነእርጥበቱ፣ ከነቅጠሉ፣ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሲወጣ ታያላችሁ።