ዋይፋዩ በየመሃሉ ለሚጠፋባችሁ
ድሬዎች፣ ላፕቶፓችሁን ትንሽ ትታችሁት ስትመለሱ ዋይፋዩ እየጠፋ ካስቸገራችሁ፣ ራውተሩን ከመቀየራችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። የዊንዶውስ ምልክቱን ቀኝ ክሊክ አድርጉና «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ክፈቱ። «ኔትወርክ አዳፕተርስ» ሥር የዋይፋዩን ስም ቀኝ ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ፓወር ማኔጅመንት»። የመጀመሪያዋን ራይት አንሱና «ኦኬ» በሉ። በቃ!

ያቺ ራይት ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ ዋይፋዩን እንዲያጠፋ የምትፈቅድ ናት። ችግሩ፣ አንዳንዱ ድራይቨር (ዋይፋዩን የሚያሠራው ሶፍትዌር) አንዴ ከተኛ በቀላሉ አይነሳም። በዩኤስቢ የሚሰካ ማውስ ወይም ሞደም የሚጠፋባችሁም እዚያው «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ «ዩኤስቢ ሩት ሀብ» ላይ እንዲሁ አድርጉ። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ የ«ፓወር ማኔጅመንት» ገጽ ጭራሽ አይታይም፤ አትድከሙ።

ከዚራም ሆነ ሳቢያን ሰፈር መብራት ሄዶ በባትሪ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ግን ራይቷን መልሷት፤ ያለሷ ዋይፋዩ ባትሪ ይበላል።