ሊንክ ተለዋውጠን እንግዳው የት ቀረ? ለጎንደር ድረ ገጽ ባለቤቶች ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ውስጥ ሆቴል፣ የእንግዳ ማረፊያ ወይም አስጎብኚ ድርጅት ያለው ሰው ድረ ገጽ ሲያሠራ ቀድሞ የሚሰማው ምክር «ከሌሎች ጋር ሊንክ ተለዋወጥ» የሚል ነው፤ እነሱ ወደ እርስዎ ገጽ የሚወስድ ማያያዣ በድረ ገጻቸው ያስቀምጣሉ፣ እርስዎም ወደ እነሱ። ምክሩ መሠረት አለው። ጎግል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ1998 ሲቋቋም ከሌሎቹ የለየው አንድን ገጽ ወደ እሱ በሚጠቁሙ ሌሎች ገጾች ብዛትና ክብደት መመዘኑ ነበር፤ ሊንክ ዛሬም ዋጋ አለው። ነገሩ የሚበላሸው ብድር በምድር ብሎ ከተገኘው ሁሉ ጋር መለዋወጥ ሲጀመር ነው።

ምልክት፦ ሊንኩ አለ፤ በዚያ በኩል የሚመጣ ሰው ግን የለም

ሊንኩ የተቀመጠበትን ገጽ እስቲ እንደ እንግዳ ሆነው ይክፈቱት። አብዛኛውን ጊዜ «ወዳጆቻችን» የሚል ገጽ ነው፤ ከመኪና ኪራይ እስከ ሲሚንቶ አከፋፋይ በአንድ ረድፍ ተደርድሯል። እንዲህ ያለውን ገጽ ከባለቤቶቹ በቀር የሚያነበው የለም።

መፍትሄው ከእርስዎ በፊት ወይም ከእርስዎ በኋላ ያንኑ እንግዳ የሚያስተናግደውን ሰው መፈለግ ነው። ወደ ስሜን ተራሮች የሚሄድ ጎብኚ የፓርኩ ጎብኚ የሚመዘገብበት ደባርቅ ከመድረሱ በፊት ብዙውን ጊዜ ጎንደር ያድራል፤ መንገዱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ የደባርቅ አስጎብኚ ስለ እግር ጉዞው በጻፈው ገጽ ላይ «በማግስቱ በጠዋት የምንነሳው ከጎንደር ስለሆነ፣ ፒያሳ አካባቢ ለማደር ይህ የእንግዳ ማረፊያ ይመቻል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢኖር ሊንኩ የተቀመጠው እንግዳው በሚፈልገው ቦታ ላይ ነው። እርስዎም በተራዎ ፋሲል ግቢን አይቶ «ቀጥሎስ?» ለሚል እንግዳዎ የአስጎብኚውን ገጽ ይጠቁማሉ። እንዲህ ያለ አንድ ልውውጥ ከሠላሳ የ«ወዳጆቻችን» ሊንክ ይበልጣል።

ሊንኩ የሚያርፍበትም ገጽ ይታይ። ስለ ጥምቀት ከሚናገር ጽሑፍ ተነስቶ የመጣ ሰው በመግቢያ ገጽዎ ላይ የሠርግ አዳራሽ ፎቶ ቢቀበለው ወዲያው ይወጣል። ለጥር 11 ስላለዎት ክፍልና ከፋሲለደስ መዋኛ ስላለው ርቀት የሚናገር የራሱ ገጽ ያዘጋጁና ሊንኩ ወደዚያ ይሂድ። የፎቶዎቹንም የፋይል መጠን ያሳንሱ፤ በስልክ የሚከፍተው ሰው ብዙ አይታገስም።

ምልክት፦ ባልደረባዎ «አስገብቻለሁ» ይላል፤ ለጎግል ግን የሌለ ያህል ነው

ሰርች ኮንሶል በተባለው፣ ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በሚሰጠው መሣሪያ ውስጥ ያለው የሊንክ ዝርዝር ሁሉንም አያሳይም፤ ይዘገያልም። ስለዚህ ሰውየውን ከመውቀስዎ በፊት ገጹን በኮምፒውተር ከፍተው ምንጭ ኮዱን (ገጹ የተጻፈበትን ኮድ) ይመልከቱ፤ የዶሜን ስምዎን፣ ማለትም የድረ ገጽዎን አድራሻ፣ እዚያ ይፈልጉ። ስምዎ ካልተገኘ አርማዎ እንደ ፎቶ ተለጥፎ ይሆናል እንጂ ሊንክ አይደለም። ከአጠገቡ «ኖፎሎው» (nofollow) የሚል ቃል ካለ ደግሞ ባለቤቱ ጎግልን «ይህን እንደ ምስክርነት አትቁጠርብኝ» ብሎታል። ምልክቱ በ2005 የመጣ ሲሆን ከ2019 ወዲህ ጎግል እንደ ጥቆማ ብቻ ያየዋል። ለሊንኩ ከፍለው ከሆነ ምልክቱ መኖሩ ደንቡ ነው፤ አይከራከሩ። ካልከፈሉ ግን ብዙ ጊዜ ሶፍትዌሩ በራሱ ያደረገው ስለሆነ በትህትና ይጠይቁ። ገጹ ራሱ «ኖኢንዴክስ» (noindex) ተብሎ ከፍለጋ ተደብቆ ከሆነ ሌላ ገጽ ላይ እንዲያስገባልዎ ይንገሩት።

ምልክት፦ የፍለጋ ደረጃው በድንገት ወረደ

መጀመሪያ ነገሩ ውድቀት መሆኑን ያረጋግጡ። ከጥምቀት ማግስት ስለ ጎንደር ሆቴል የሚፈልገው ሰው በራሱ ጊዜ ይቀንሳል፤ ደረጃዎ ግን ያው ሊሆን ይችላል። ጎብኚ መቀነሱና ደረጃ መውረዱ ለየቅል ናቸው፤ ሰርች ኮንሶል ሁለቱንም ለይቶ ያሳያል።

ደረጃው በእርግጥ ከወረደ እዚያው «ማንዋል አክሽን» የሚለውን፣ የጎግል ሠራተኞች ቅጣት ሲጥሉ የሚያሳውቁበትን ክፍል ይክፈቱ። የጎግል ደንብ ከመጠን ያለፈ «ሊንክ ስጠኝ ልስጥህ» ልውውጥን በስሙ ጠርቶ ይከለክላል። በ2012 ፔንግዊን የተባለው የጎግል ፍለጋ ማሻሻያ ሲመጣ በዚህ የተመቱ ብዙ ድረ ገጾች ነበሩ። ከ2016 ወዲህ መጥፎ ሊንክ በአብዛኛው ሳይቆጠር ይቀራል እንጂ ድረ ገጹን በጠቅላላ አይጥልም። ይህ ማለት «500 ሊንክ በርካሽ» ለሚል ሻጭ የከፈሉት ገንዘብ በከንቱ ቀረ ማለት ነው።

የቅጣት ማስታወቂያ ካለ የሰጧቸውን ትርጉም የለሽ ሊንኮች ያንሱ፤ የተቀበሏቸውንም እንዲያነሱ ባለቤቶቹን ይጠይቁ፤ ከዚያ ጎግል እንደገና እንዲያየው ያመልክቱ። ወደ እርስዎ የሚጠቁሙ ሊንኮችን «አትቁጠርብኝ» ብሎ ለጎግል የሚያሳውቁበት የሊንክ መካጃ መሣሪያም አለ፤ ማስታወቂያ ያልደረሰው ሰው ግን አይንካው፤ በስሕተት ጥሩውን ሊያስጥልዎ ይችላል።

ሌላው የሚያስጠረጥር ነገር የሊንኩ ጽሑፍ ነው። ሃያ ድረ ገጽ ቃል በቃል «በጎንደር ምርጡ ሆቴል» ካለ ማን እንዳስጻፈው ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ባለቤት በራሱ አነጋገር ይጻፈው።

ምልክት፦ ሊንኩ ሲጫን 404 ይላል፣ ወይም የቁማር ድረ ገጽ ይከፍታል

404 (ገጹ አልተገኘም) የሚለው ገጹ አድራሻ ሲለውጥ ወይም ሲጠፋ ነው። የራስዎ ከሆነ አሮጌውን አድራሻ በ301፣ ማለትም በቋሚ ማዞሪያ፣ ወደ አዲሱ ያዙሩት። ቁማሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የባልደረባዎ ዶሜን ሳይታደስ ቀርቶ ሌላ ስለገዛው ነው፤ ዛሬውኑ ሊንኩን ያንሱና ይደውሉለት፤ ላያውቅ ይችላል። ከመስቀልና ከጥምቀት በፊት ሁሉንም ሊንክ አንድ በአንድ መጫን ይበቃል።

ምልክት፦ ደብዳቤ ይላካል፤ መልስ የለም

«ሊንክ እንለዋወጥ» ብቻ የሚል ኢሜይል ከማጭበርበሪያ አይለይም። ባለቤቱ ፒያሳ ወይም አዘዞ ከሆነ ሄደው ያነጋግሩት። ሩቅ ከሆነ እንዲህ ይጻፉ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ስለ ስሜን ተራሮች የሦስት ቀን ጉዞ የጻፉትን ለእንግዶቼ እያሳየሁ ነው፤ ከገጼም ሊንክ አድርጌዋለሁ። ጎንደር ማደሪያ የሚጠይቅዎት እንግዳ ካለ የእኔን ገጽ ቢጠቁሙልኝ ደስ ይለኛል፤ ባይሆንም የእርስዎ ሊንክ ይቆያል።» ከደብዳቤው ጋር ሊንኩ የሚገባበትን ገጽ፣ የሚገባበትን አንቀጽና የራስዎን ሙሉ አድራሻ ይላኩ። ብዙዎቹ ባለቤቶች ድረ ገጻቸውን የሚያስተካክሉት በሌላ ሰው እጅ ስለሆነ መልእክትዎን እንዳለ ወደ ባለሙያው ማስተላለፍ ይቀላቸዋል።