ከወሎ አዲስ አበባ ስትሄዱ የሆቴል ክፍል በራሳችሁ ዋጋ እንዴት እንደምትይዙ

ከደሴም ከኮምቦልቻም ከወልዲያም ተነስቶ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለመዝናናት አይደለም የሚሄደው። ሪፈር ተጽፎለት ጥቁር አንበሳ ወይ ጳውሎስ ይሄዳል፣ የቪዛ ጉዳይ ሊጨርስ ይሄዳል፣ እቃ ሊያመጣ መርካቶ ይሄዳል። ከደሴ ከሆነ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከወልዲያ ከሆነ ከዛም በላይ ተጉዞ፣ ጣርማበርን ወጥቶ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ አመሻሽ ላይ ላምበረት መናኸሪያ ሻንጣውን ይዞ ይወርዳል፣ ደላላ ይቀበለዋል፣ መጀመሪያ ያገኘው ሆቴል ይገባና የተጠራለትን ዋጋ ይከፍላል። ይሄ በጣም ነው የሚያንገበግበኝ፣ ምክንያቱም እዛ የሚቀረው ለመድኃኒት የተያዘ ብር ነው። ሰፈራችን ውስጥ ሰው ለህክምና ሲሄድ ክፍል የምይዝለት እኔ ስለሆንኩ የማደርገውን ልጻፍላችሁ፣ ከቤታችሁ ሆናችሁ በስልክ የምታደርጉት ነው።

መጀመሪያ ሆቴል ለምን ዋጋ እንደሚቀንስ ይግባችሁ

ፕራይስላይን የሚባል የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ስራ ሲጀምር ዋጋውን ደንበኛው ራሱ የሚጠራበት አሰራር ይዞ ነው የመጣው። ለሆቴል ሲሆን ሰፈሩንና የኮከብ ደረጃውን ትመርጣለህ፣ የምትከፍለውን ትጽፋለህ፣ ካርድህን ታስገባለህ፣ የሆቴሉን ስም ግን አታይም። አንዱ ሆቴል እሺ ካለ ብሩ እዛው ይቆረጣል፣ መመለስ የለም። እምቢ ካሉ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ ዋጋ ብቻ ጨምረህ ወዲያው መድገም አትችልም፣ ወይ ሰፈር ወይ ኮከብ ወይ ቀን መቀየር አለብህ፣ ካልሆነ ሳይቀየር ለመድገም አንድ ቀን ትጠብቃለህ።

ይሄ የፕራይስላይን ዋጋ የመጥራት አሰራር አሁን ቀርቷል። ሆቴሎቹ እሺ ይሉበት የነበረው ምክንያት ግን አዲስ አበባም ውስጥ አለ። ዛሬ ባዶውን ያደረ ክፍል ነገ ተመልሶ አይሸጥም። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ነጋዴው ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ፍየሉን እየነዳ ከሚመለስ ዋጋ ይቀንሳል አይደል፣ ሆቴሉም እንደዛው ነው። ብሩ ቀድሞ ስለሚገባለት ሰውየው ይቀራል ብሎ አይሰጋም፣ ስሙ ስላልታየ ደግሞ ግድግዳ ላይ የለጠፈው ዋጋ አይበላሽበትም። እናንተም ስትደውሉ ይሄን ነው የምታቀርቡለት፦ ባዶ ክፍሉን መሙላት፣ ቅድሚያ ክፍያ፣ ዋጋውን ሌላ እንግዳ ሳይሰማ መግባት።

ቀኑን ምረጡ

መምረጥ የምትችሉ ከሆነ ማለቴ ነው፣ የሀኪም ቀጠሮ አይመረጥም። የካቲት አካባቢ የአፍሪካ ህብረት ጉባኤ ሲኖር ትልልቆቹ ሆቴሎች ይሞላሉ፣ እዛ ቦታ ያጣው ሰው መካከለኞቹን ይሞላል፣ ያኔ ማንም አይቀንስላችሁም። ከገና እስከ ጥምቀት ዲያስፖራው አለ። በመስቀል ሰሞንም መስቀል አደባባይ አካባቢ አትሞክሩ። ክረምቱ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ለእናንተ ጥሩ ነው፣ ሁዳዴም ሰርግ ስለማይኖር ጥሩ ነው።

ሰፈሩን ከጉዳያችሁ ጋር አገናኙ

ርካሽ ክፍል ይዛችሁ በታክሲ ብትጨርሱት ምን ዋጋ አለው። ለጥቁር አንበሳ ሜክሲኮ፣ ልደታና ስታዲየም አካባቢ ይቀርባችኋል። ከላምበረት ብዙ መራቅ ካልፈለጋችሁ መገናኛና ሲኤምሲ አካባቢ መያዝ ይቻላል፣ ከአያት የሚነሳው ባቡር በመገናኛ አድርጎ ስታዲየምና ሜክሲኮ ያደርሳል፣ ግን በጣም ይጨናነቃል፣ በሽተኛ ይዛችሁ ጠዋት ባቡር ውስጥ አትግቡ። ድሮ የምናርፍባቸው የፒያሳና የካዛንቺስ ፔንሲዮኖች ብዙዎቹ አሁን የሉም፣ ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ፈርሰዋል፣ ስለዚህ ዘመድ የሰጣችሁን የቆየ ስልክ ሳትደውሉ እንዳትተማመኑበት።

አራት አምስት ሆቴል ለቅማችሁ ጻፉ

ጎግል ማፕ ላይ ሰፈሩን ከፍታችሁ ሆቴል ብላችሁ ፈልጉ፣ አስተያየቶቹን ከአዲሱ ጀምራችሁ አንብቡ፣ ስለ ውሃና ስለ ጄኔሬተር የተጻፈውን በደንብ እዩ። ኮከቡን እኔ ብዙም አላይም፣ ባለ ሶስት ኮከብ ተብሎ ሊፍቱ የማይሰራ አለ፣ ኮከብ የሌለው ጌስት ሀውስ ሆኖ አንሶላው የሚያበራ አለ። ቡኪንግ ዶት ኮም የሚባለው የሆቴል መያዣ ድረ ገጽ ላይም ግቡ፣ ለመያዝ ሳይሆን ዋጋውን ለማየት። እዛ ላይ የሚወጣው ዋጋ ብዙ ጊዜ በዶላር ለውጭ ሰው የታሰበ ነው፣ ብሩ ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ወደ ብር ሲመታ ያስደነግጣል። ግን አንድ ነገር ይነግራችኋል፦ ሆቴሉ በዛ በኩል ለሚመጣ እንግዳ 15 በመቶ አካባቢ ኮሚሽን ይከፍላል። በቀጥታ ስትደውሉ ያ ብር ኪሱ ውስጥ ስለሚቀር ያን ያህሉን ለመቀነስ ማንንም ማስፈቀድ አይጠበቅበትም።

ዋናው ስራ፦ ዋጋ መጥራት

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ሰዓቱ ከቀኑ 8 እስከ 10 ይሁን። ቼክ አውት አብዛኛው ቦታ 6 ሰዓት ስለሆነ ከዛ በኋላ ስንት ክፍል እንደቀረ ያውቁታል፣ ማናጀሩም ቢሮ አለ። ሪሴፕሽን ላይ ያለው ልጅ የመቀነስ ስልጣን ስለሌለው ከሱ ጋር አትከራከሩ፣ ማናጀሩን ወይ የሽያጭ ክፍሉን አገናኘኝ በሉት፣ ፔንሲዮን ከሆነ ባለቤቱን።

መጀመሪያ ዋጋ ጠይቁና ወዲያው "ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ ገብቶበት ነው?" በሉ። ይሄን ሳይጠይቅ የሚከራከር ሰው የቀነሰ ይመስለዋል እንጂ አልቀነሰም። ለምሳሌ 3,000 ብር አሉ እንበል፣ ያልተጠቃለለ። 10 በመቶ ሰርቪስ ሲገባ 3,300 ይሆናል፣ በሱ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲገባ 3,795። ሂሳብ ስትከፍሉ የሚመጣው እሱ ነው። ስለዚህ ከዛች ደቂቃ ጀምሮ የምታወሩት ሁሉ በተጠቃለለ ዋጋ ይሁን፣ 3,000 የሚለውን ቁጥር እርሱት።

የመጀመሪያ ጥሪያችሁን ከተጠቃለለው ላይ ወደ 30 በመቶ ዝቅ አድርጉት፣ እዚህ 2,600 ገደማ ይመጣል። ግማሽ ብላችሁ ከጠራችሁ ማናጀሩ የምር ገዢ አይደላችሁም ብሎ ስልኩን ይዘጋል፣ 10 በመቶ ብቻ ካላችሁ ደግሞ እሺ ይላችሁና እዛው ታልቃላችሁ። ከመደወላችሁ በፊት የመጨረሻ አቅማችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ በስልክ ወሬ መሀል እሱን ማለፍ ቀላል ነው።

ከዛ ጥሪያችሁን በአንድ ትንፋሽ ተናገሩት፣ ቀኑ፣ ሌሊቱ፣ ሰዉ፣ ዋጋው፣ ክፍያው አንድ ላይ፦

"ሰላም ነህ ወንድሜ፣ ከደሴ ነው የምደውለው። ከማክሰኞ ጀምሮ አራት ሌሊት፣ ሁለት ሰው ነን። ሁሉም ነገር ተጠቃሎ ለአንድ ሌሊት 2,600 ካደረግክልኝ የአንዱን ሌሊት አሁን እልካለሁ።"

"አይ ጌታዬ አያዋጣንም፣ ለእርስዎ ብለን 3,400 እናድርግ።"

"ቁርስ አንበላም፣ ጠዋት 12 ሰዓት ሀኪም ቤት ነን። ቁርሱን አውጣውና 2,800።"

"3,100 ይሁንልን።"

"ከኋላ በኩል ያለውም ክፍል ይሁን፣ መንገድ ዳር አልልህም። 2,900 እና አሁኑኑ ልላክልህ።"

አያችሁ፣ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ሌላ ነገር አብሮ ተቀይሯል፣ አንዴ ቁርስ፣ አንዴ ክፍል። ዝም ብላችሁ 2,600፣ 2,800፣ 3,000 እያላችሁ ከወጣችሁ ማናጀሩ ትንሽ ቢታገስ ገና እንደምትወጡ ይገባዋል። የምትጨምሩትም እያነሰ ይሂድ፣ መጀመሪያ 200፣ ቀጥሎ 100። በ2,900 ካለቀ አራቱ ሌሊት 11,600 ይመጣል፣ ሳትጠይቁ ብትገቡ 15,180 ነበር፣ ልዩነቱ 3,580 ብር ነው። ለአንድ በሽተኛ ይሄ የላብራቶሪ ብር ነው።

እምቢ ካሉ "እሺ ወንድሜ፣ እስከ 11 ሰዓት አስብበትና ደውልልኝ" ብላችሁ ስልካችሁን ስጡና ወደሚቀጥለው ሆቴል ደውሉ። መልሶ የሚደውል ብዙ ነው። ሌላ ሆቴል የሰጣችሁን ዋጋ መናገር ይቻላል፣ ያልተሰጣችሁን ግን አትናገሩ፣ ማናጀሮቹ ይተዋወቃሉ፣ እዛው ደውለው ያጣራሉ፣ ደግሞም ከኋላችሁ የሚመጣ የሀገራችሁ ሰው አለ፣ በሱ ላይ በር አትዝጉበት። የማትመጡበትን ቀን አትያዙ።

ስለ ቁርስ አንድ ነገር ልጨምር። በረመዳን ከሄዳችሁ ቁርሱን ከማስወጣት ለሱሁር እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ። ወጥ ቤታቸው ሌሊት ባይሰራ እንኳ ማታ ፔርሙዝ ሻይና ዳቦ በእንቁላል ክፍላችሁ የሚያስቀምጡ አሉ። በጾምም ቢሆን እንቁላልና ወተት የሞላበት ቁርስ ምን ያደርግላችኋል፣ አስወጡትና ዋጋው ይውረድ።

ለረጅም ጊዜ የምትቆዩ፣ ጨረር የሚታዘዝለት ሰው ለምሳሌ ሳምንታት ይቆያል፣ በሌሊት ዋጋ አትነጋገሩ። ከመጀመሪያው የሳምንት ወይ የወር ዋጋ ጥሩ፣ ሆቴል ትታችሁ ማብሰያ ያለው ጌስት ሀውስ ፈልጉ። በሽተኛ ደግሞ የቤት ምግብ ነው የሚስማማው።

ቅድሚያ ክፍያ

የአንድ ሌሊት ብቻ። የተስማማችሁበትን በቴሌግራም ወይ በቴክስት እንዲጽፉላችሁ አድርጉ፣ ቀኑ፣ ሌሊቱ፣ "ቫትና ሰርቪስ የተጠቃለለ" የሚለው ቃል ይኑርበት። ብሩን በቴሌብርም በባንክም ላኩ፣ ግን በሆቴሉ ስም ወደተከፈተ ሂሳብ። አንድ የሰፈራችን ልጅ ቴሌግራም ላይ ያገኘው ደላላ በግል ቁጥሩ አስልኮት፣ ሆቴሉ ሲደርስ ስሙን የሚያውቀው ሰው አልነበረም፣ እናቱን ይዞ በሌሊት ሌላ ቦታ ፍለጋ ገባ። ስክሪን ላይ የሚመጣው ስም የሆቴሉ ካልሆነ አትላኩ፣ በቃ። ቅድሚያውን የሚመልሱት እስከ መቼ ከነገራችኋቸው እንደሆነም ጠይቁ፣ ቀጠሮ ይራዘማል፣ መንገድም ይዘጋል።

ስትደርሱ

በጉዞው ቀን ደብረ ብርሃን ላይ ደውላችሁ "እየመጣን ነው፣ ማታ እንገባለን" በሉ፣ ካልደወላችሁ ክፍሉን ለሌላ ሊሰጡት ይችላሉ። ላምበረት ላይ የሚቀበላችሁን ደላላ ተያዘልን ብላችሁ እለፉት፣ እሱ ካስገባችሁ ኮሚሽኑ እናንተው ላይ ነው የሚደመረው። ሪሴፕሽን ላይ መታወቂያችሁን ስጡና መልእክቱን አሳዩ፣ ዋጋውን ግን ጮክ ብላችሁ አትጥሩ፣ አጠገባችሁ ሙሉ የሚከፍል እንግዳ ቆሞ ከሆነ ልጁን ታስጨንቁታላችሁ።

ቀሪውን ከመክፈላችሁ በፊት ክፍሉን እዩ። ቧንቧውን ክፈቱ፣ ሙቅ ውሃው እስኪመጣ ጠብቁ፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፍ እንደሆነ ሞክሩ። ካልተመቻችሁ ልብስ ሳታወጡ ቀይሩልን በሉ፣ በዛው ዋጋ ይቀይራሉ። አረጋዊ ይዛችሁ ከሆነ ታችኛው ፎቅ ይሁንልን በሉ፣ ይሄን በስልክም አስቀድማችሁ ብትናገሩት ይሻላል።

ስትወጡ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የማናጀሩን ስልክ ከነስሙ መዝግቡ። ለቀጣዩ ቀጠሮ ስትመለሱ "ባለፈው በ2,900 ገብተን ነበር" ብላችሁ ከዛው ጀምሩ፣ ሰፈር ውስጥ የሚሄድ ሰው ካለም ቁጥሩን ስጡት።