የአሮጌ ቴምብሮችን የቀለምና የኅትመት ልዩነት እንዴት መሰብሰብ ይቻላል?

በካታሎግ (በቴምብሮች ዝርዝር መጽሐፍ) ውስጥ በአንድ መስመር የተጻፈ ቴምብር በእጅ ሲገባ አሥር ዓይነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ማተሚያ ቤቱ ሥራውን በጀመረ ቁጥር ቀለሙን እንደ አዲስ ያዋሕዳል፤ የቆየው ወረቀት አልቆ ሌላ ይመጣል፤ የማተሚያ ሰሌዳውም ይዶለዱማል ወይም ይሰነጠቃል። ይህን ሁሉ ከወረቀቱ ላይ ማንበብ መቻል ከቴምብር መሰብሰብ ደስታዎች ትልቁ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ቴምብር ብቻ ይምረጡ። ርካሽ፣ ለብዙ ዓመታት የታተመና በብዛት የሚገኝ ይሁን። ለመለማመጃ እ.ኤ.አ. በ1841 የወጣውን የእንግሊዝ የአንድ ፔኒ ቀይ ቴምብር የሚያህል አላውቅም። ወደ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በቢሊዮን በሚቆጠር ብዛት ታትሟል። ቀለሙ ከጡብ መሰል ቀይ እስከ ደማቅ ሮዝ ይለያያል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቀለሙ ውስጥ የነበረው ኬሚካል ወረቀቱን ሰማያዊ ስላደረገው ጀርባውን ገልብጦ ማየት ብቻውን ስለ ዘመኑ ብዙ ይነግራል። በታችኞቹ ማዕዘኖች ያሉት ሁለት ፊደላት ደግሞ ቴምብሩ 240 ቴምብሮች ባሉበት ሉህ ላይ በየትኛው ረድፍና በየትኛው ዓምድ እንደነበረ ያሳያሉ።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ጫፉ ለስላሳ የሆነ ወረንጦ፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ የጥርስ መለኪያ (በቴምብሩ ጠርዝ ላይ በሁለት ሴንቲሜትር ውስጥ ያሉትን ቀዳዳዎች ለመቁጠር) እና ጥቁር ካርቶን ይበቃሉ። በካርቶኑ ላይ እኩል የሆኑ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይቅደዱ። ሁለቱን ቴምብሮች ከሥሩ አድርገው በቀዳዳዎቹ በኩል ቀለማቸውን ብቻ ያነጻጽሩ፤ በዙሪያው ያለው ነጭ ወረቀትና ማኅተም ዓይንን ያሳስታል። ይህን ሥራ ቀን፣ በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት ቦታ ያድርጉት። በአምፖል ብርሃን የተለየ ቀለም ጠዋት ሲያዩት ሌላ ይሆናል።

ቀጥሎ ቀናቸው የሚነበብ የፖስታ ቤት ማኅተም ያረፈባቸውን ቴምብሮች ለይተው በጊዜ ቅደም ተከተል ይደርድሩ። መሠረትዎ ይህ ድርድር ነው። የካታሎግ የቀለም ስም ከአንዱ አሳታሚ ወደ ሌላው ይለያያል፤ ቀን ያለው ማኅተም ግን ቴምብሩ ቢያንስ ከዚያ ቀን በፊት መታተሙን ያረጋግጣል። ማኅተም የሌላቸውን ከእነዚህ ጋር እያነጻጸሩ ቦታ ይስጧቸው።

አሁን ብዙዎች የሚቸኩሉበት ደረጃ ላይ ደርሰናል። እንግዳ ቀለም ሲያዩ ልዩ ዓይነት አገኘሁ ከማለትዎ በፊት ቴምብሩ ምን እንደደረሰበት ይጠይቁ። ፀሐይ ቢጫውን ሲያጠፋው አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ያደላል። ብርቱካንማ ቀለም በአየር ውስጥ ባለ ድኝ ጠቁሮ ቡናማ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1883 እና 1884 የወጡት የእንግሊዝ ሐምራዊና አረንጓዴ ቴምብሮች ደግሞ ማኅተማቸው ታጥቦ ድጋሚ እንዳያገለግሉ ሆን ተብሎ በውኃ በሚለቅ ቀለም የታተሙ ናቸው፤ እርጥበት የነካው ቴምብር መልኩ ተለውጦ ይገኛል። ፊቱ ደብዝዞ ጀርባው ደህና ከሆነ፣ ወይም ጠርዙና መካከሉ ቀለማቸው ከተለያየ፣ የጉዳት ምልክት ነው። እውነተኛ የቀለም ልዩነት በሌሎች ቅጂዎችም ላይ ይደገማል።

እርግጥ በማተሚያ ቤት የተፈጠረ ስሕተትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1855 የወጣው የስዊድን የሦስት ሽሊንግ ቴምብር ሰማያዊ አረንጓዴ መሆን ሲገባው አንዱ ቢጫ ሆኖ ታትሟል፤ እስከ ዛሬ የታወቀው ይኸው አንድ ብቻ ነው።

ከቀለም በኋላ የኅትመቱን ዘዴ ይመርምሩ። በተቀረጸ ሰሌዳ የታተመ ቴምብር ቀለሙ ከወረቀቱ በላይ ጉብ ይላል፤ በተነሣ ፊደል ተጭኖ የታተመው በመስመሮቹ ጠርዝ ቀለም ይጠራቀማል፣ ጀርባውም ላይ የግፊቱ አሻራ ይታያል፤ የድንጋይ ኅትመት ግን ለጥ ያለ ነው። የተሰበረ መስመር ወይም ነጥብ ካገኙ ሌላ ቅጂ ላይ በዚያው ቦታ ይፈልጉት። ካልተደገመ አቧራ ወይም የቀለም ጠብታ ሊሆን ስለሚችል አይጓጉ።

ይህን ልምድ ይዘው ወደ አገራችን ቴምብሮች ይምጡ፤ እዚህ ያለው ሀብት ሰፊ ነው። የአፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች ፓሪስ ታትመው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወጡ። አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ ሦስቱ ዘውድ የጫነ አንበሳ ይዘዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእነዚሁ ላይ መጀመሪያ በፈረንሳይኛ የአገሪቱ ስም፣ ቀጥሎም «ቦስታ» የሚል ጽሑፍ በእጅ ማኅተም ተመታባቸው። በእጅ ስለተመታ አንዱ ይዘምማል፣ አንዱ ይገለበጣል፣ አንዱ ሁለት ጊዜ ያርፋል፤ የማኅተሙ ቀለምም ይለያያል።

ልዩነቱ ብዙ የሆነውን ያህል አስመስሎ መሥራትም ቀላል ሆኗል፤ ሐሰተኛው በገበያ ላይ ብዙ ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት በመነጽር ይዩት፦ ተጨማሪው ጽሑፍ ከፖስታ ቤቱ ማኅተም በታች መሆን አለበት። በላዩ ላይ ከተኛ ቴምብሩ አገልግሎት ከሰጠ በኋላ የተመታ ነው። ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነ ያለ ባለሙያ የምስክር ወረቀት አይግዙ። ዓይንዎን ለማሠልጠን በአዲስ አበባ ከዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ ያለውን የፖስታ ሙዚየም ደጋግመው ይጎብኙ።

እ.ኤ.አ. በ1919 የወጡት ቀጭኔ፣ ነብርና ዝሆን ያሉባቸው ባለ ሁለት ቀለም ቴምብሮች ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ በኋላ ዳግም የታተሙ ቅጂዎች አሏቸው። የመጀመሪያው ኅትመት ሙጫ ነጭና ለስላሳ ሲሆን የዳግም ኅትመቱ ቡናማና የተሰነጣጠቀ ነው። ስለዚህ ያልተጠቀሙበትን ቴምብር ውኃ ውስጥ አይንከሩ፣ ሙጫ ባለበት ጀርባም ምንም አይለጥፉ። ለእያንዳንዱ ግልጽ ኪስ ሰጥተው ቀኑን፣ የጥርሱን ልክና ያገኙበትን ቦታ በእርሳስ ከጎኑ ይጻፉ፤ አልበሙን ደረቅና ጨለማ ቦታ አቁመው ያስቀምጡ።